የፒያኖ የውስጥ ጽዳት

የፒያኖ የውስጥ ጽዳት ቃኚው ደንበኛው ቤት ሲሄድ በክሮቹ፣ በቁልፎቹና በመዶሻዎቹ ዙሪያ የተጠራቀመውን አቧራና ባዕድ ነገር የሚያስወግድበት የጥገና ሥራ ነው። ከቅኝት በፊት ይሠራል፤ ክሮቹ ሲነካኩ የተስተካከለው ድምፅ ሊናጋ ይችላልና።

በግራንድ ፒያኖ አቧራው በክሮቹ መሐል አልፎ ከሥር ባለው የድምፅ ሰሌዳ ላይ ይተኛል። እጅ ስለማይደርስበት ቃኚው በቀጭን ተጣጣፊ ብረት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ በክሮቹ ሥር ያሾልክና ቆሻሻውን ወደ ዳር ይስባል።

ከባዱ ሥራ ያለው ቁልፎቹ ሥር ነው። የግራንድ ፒያኖ ቁልፎችና መዶሻዎች በአንድነት እንደ መሳቢያ ተስበው ይወጣሉ፤ በዚያች ቅጽበት አንድ ቁልፍ እንኳ ከተጫነ መዶሻው ተነሥቶ ከላይ ካለው እንጨት ጋር ይላተምና ይሰበራል። ከወጡ በኋላ ሳንቲም፣ እርሳስ፣ የፀጉር ማስያዣ ይገኛል። ደንበኛው «ቁልፉ አልወርድ አለ» ብሎ የጠራበት ብልሽት አንዳንዴ እዚሁ ላይ ያበቃል። 88ቱ ቁልፎች ሲነቀሉ በላያቸው የተጻፈው ተራ ቁጥር ይጠበቃል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር፣ ችንካሩ ላይ የተሰኩት ስስ የወረቀትና የሱፍ ቀለበቶች የቁልፉን ከፍታ ይወስናሉ፤ የአቧራ መሳቢያ ማሽኑ ከዋጣቸው ቁልፎቹ እኩል መሆናቸው ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ መቸኮል ከአቧራው የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ጽዳት ምርመራም ነው። የተበላ ሱፍና ነጭ ድር መሰል ቅሪት ብል መግባቱን፣ ቀላ ያለ ክር እርጥበት መኖሩን ይናገራል። በአሮጌ ፒያኖ ቁልፎች ውስጥ ለክብደት የተቀበረው እርሳስ ማዕድን ሲበላሽ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት መርዛማ ስለሆነ በትንፋሽ እፍ አይባልም፤ ጭምብል ያስፈልጋል።

ውሃና ዘይት ወደ ውስጥ አይገቡም። ክሮቹን የሚወጥሩት ችንካሮች እንጨቱን የሚይዙት በጥብቀታቸው ብቻ ነው። ዝገት ይለቃል ተብሎ ዘይት ቢነፋባቸው እንጨቱ ይጠጣዋል፣ ችንካሮቹ ይላላሉ፣ ፒያኖውም ቅኝት መያዝ ያቅተዋል።

የደንበኛው ድርሻ ሽፋኑን መዝጋትና የቁልፎቹን ገጽ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። የዝሆን ጥርስ የለበሱ አሮጌ ቁልፎች ላይ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ሙጫውን ስለሚያላቅቅ ጥንቃቄው ይጠብቃል።