ዝግ ያለው እሳትና የጭልጋ ከሰል

ከሳንጃ በስተደቡብና ከጎንደር በስተምዕራብ በሚገኘው የጭልጋ ምድር፣ ወንዞች በቆረጧቸው ገደሎች ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ንብርብር የዛሬ 27 ወይም 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በረግረግ ውስጥ የተቀበረ የዕፅዋት ቅሪት ነው። የሰሜኑን ደጋ የገነባው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከረጋ በኋላ፣ በላዩ በተፈጠሩት ጎድጓዳ ቦታዎች ውሃ ተኝቶ ደን በቀለ፤ የወደቀውም ግንድና ቅጠል አየር በማይደርስበት ጭቃ ተሸፍኖ ሳይበሰብስ ቀረ። በዚያው ስፍራ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆኑት የእንስሳት ቅሪተ አካላት የተመራማሪዎችን ቀልብ ስበዋል፤ ከዝሆን የሩቅ ዘመዶች አንዱም በቦታው ስም ቺልጋቴሪየም ተብሏል። ስለ ከሰሉ የሚነገረው ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል፤ እንስሶቹ በኖሩበት ዘመን የነበረውን ደን በውስጡ የያዘው እርሱ ሆኖ ሳለ ይህ ያስቆጫል።

ከሰሉ ሊግናይት ይባላል፤ ይኸውም ሙቀትና ጫና ገና በሚገባ ያላበሰለው፣ ውሃ የበዛበት ቡናማ ድንጋይ ከሰል ነው። ምድጃ ውስጥ ሲነድ የሚፈጸመው ኦክሲዴሽን ነው፤ ኦክስጅን የካርቦኑን ትስስር በጣጥሶ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፣ የዕፅዋቱም አሠራር ከጭሱ ጋር ይጠፋል። በገጠር ከሰል የሚያከስል ሰው ክምሩን በአፈር የሚደፍነው ይህን ጥፋት ለመግታት ነው፤ ኬሚስቶችም በሌላ መንገድ ቢሆንም የተማሩት እሳቱን ከግማሽ መንገድ ማስቆምን ነው።

ጀርመናዊው ፍራንዝ ሹልዘ እ.ኤ.አ. በ1855 ናይትሪክ አሲድንና ፖታሲየም ክሎሬትን አዋህዶ የከሰሉን ጥቁር ቁስ በማሟሟት በውስጡ ያልጠፋ የዕፅዋት ሴል እንዳለ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ በለንደን ዊልያም ቦንና ባልደረቦቹ፣ ለቁስል ማጠቢያ በሚታወቀው ሐምራዊ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ከሰልን እያስበሉ፣ ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበት ጠርዙ ላይ አሲዶች ተንጠልጥለው ሲተርፍ አገኙ፤ አሲዶቹም ቀለበቱ ከጎረቤቱ ጋር በምን በኩል ተያይዞ እንደነበር የሚመሰክሩ የተቆረጡ ክንዶች ናቸው። ይህ መንገድ በየትኛውም ተራ ማሟሚያ ለማይሟሟው የደለል ድንጋይ ቁስ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ኬሮጅን የሚል ስም ለወጣለት፣ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። ኋላ የመጣው ሩቴኒየም ቴትሮክሳይድ ደግሞ በተቃራኒው ቀለበቱን በልቶ ሰንሰለቱን ይተዋል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው የአንዱን ቁስ ሁለት ወገን ያሳያሉ።

ለጭልጋው ዓይነት ቅሪት ይበልጥ የሚስማማው የመዳብ ኦክሳይድ ዘዴ ነው። ናሙናው በአልካሊ ውስጥ፣ አየር በሌለበት ዕቃ፣ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ፣ ሊግኒን የተባለው የእንጨት አጠንካሪ ቁስ ወደ ትናንሽ ፌኖሎች ይፈርሳል። ሲሪንጊል የተባሉት በዋነኛነት አበባ ያላቸውን ዕፅዋት፣ ሲናሚል የተባሉት ደግሞ ሣርና ቅጠል የመሰለውን እንጨት ያልሆነ ክፍል ያመለክታሉ። ዘዴው ለቅርብ ዘመን ረግረግም ይሆናል፦ የጣና ሐይቅ ደርቆ ከቆየ በኋላ ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ሲመለስ መጀመሪያ የሆነው ጥልቀት የሌለው የደንገል ረግረግ ነበር፤ ዛሬ ከሐይቁ ወለል በታች ካለው ከዚያ ረግረግ ቅሪት፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ከዛፍ ለመለየት ሊጠየቁ የሚችሉትም እነዚሁ ፌኖሎች ናቸው።