ያልተቆላው ፎቶግራፍ

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ላቪንግተን ዛሬ የአፓርታማና የገበያ ማዕከል ሠፈር ቢሆንም ታሪኩ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። በ1899 የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን የቅዱስ ኦስቲንን ሚስዮን በዚሁ አካባቢ መሠረቱ፤ ግቢያቸውም በናይሮቢ ዙሪያ ቡና ቀድሞ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡናው እዚህ የተነሣው ለራሱ ሲባል አይደለም። በሠፈሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች፣ ከሠርግና ከክርስትና አልበሞች ጎን በመሳቢያ ስለሚቀመጡት የኮምፒውተር ዲስኮች ለመናገር ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ስለማይገኝ ነው።

ዲጂታል ካሜራ ፎቶግራፍን በሁለት መልክ ያስቀምጣል። አንደኛው «ጄፔግ» የሚባለው፣ ተቆልቶና ተወቅጦ የቀረበው ነው፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ካሜራው ራሱ ወስኖ የተረፈውን ይጥለዋል። ሁለተኛው «ራው»፣ ማለትም ጥሬው ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ሲኖሩት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተለመዱት ካሜራዎች በጥሬ ፋይላቸው 4,096 ደረጃዎችን ይመዘግቡ ነበር። በቀትር ፀሐይ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ያነሣ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በጄፔግ ነጭ ወረቀት መስሎ የጠፋው ሽመና ከጥሬው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የተቆላ ቡና ግን ተመልሶ ጥሬ አይሆንም።

ጥሬ ቡና ደግሞ ያለ ምጣድ አይጠጣም፤ ችግሩም የመጣው ከምጣዱ ነው። በፊልም ዘመን ይህ ጭንቀት አልነበረም። የናይሮቢው ተወላጅ መሐመድ አሚን በ1963 ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በኦክቶበር 1984 ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደርሶ የቀረጸው ምስልም የኢትዮጵያን ረኃብ ለዓለም አሳየ። በ1991 በአዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ እርሱም ከሞቱት አንዱ ሆነ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን ከጉግል ጋር ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎቹን ለሕዝብ ሲከፍት፣ ኔጌቲቩ ምን እንደያዘ ለማወቅ የማንም ኩባንያ ፕሮግራም አላስፈለገም። ወደ ብርሃን ማንሣት ይበቃል።

ጥሬው ዲጂታል ፋይል እንዲህ አይነበብም። ካኖን በ2003 አካሉ ብቻ 899 ዶላር የሚሸጠውን 300ዲ ካሜራ ሲያወጣ ጥሬ ፎቶግራፍ ማንሣት ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ቤተሰብ ገባ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የፋይሉን አሠራር ምሥጢር አድርጎ ይዞ ነበር። ዴቭ ኮፊን የተባለ ፕሮግራመር ከ1997 ጀምሮ እነዚህን ምሥጢሮች አንድ በአንድ እየፈታ «ዲሲራው» በተባለ ፕሮግራም በነፃ ያድል ነበር፤ ለሥራው ከተሰጠው ምስጋና ይልቅ የሚገባው ይበልጣል። በ2004 አዶቤ «ዲኤንጂ» የተባለ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጥሬ ፋይል ዓይነት አቀረበ። በተከታዩ ዓመት ኒኮን በዲ2ኤክስ ካሜራው ላይ የነጭ ቀለም ሚዛን መረጃውን መቆለፉ ሲታወቅ፣ ከፎቶሾፕ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ቶማስ ኖል በይፋ ተቃወመ።

የምርጫው ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አፕል በ2005 መጨረሻ «አፐርቸር»ን በ499 ዶላር አወጣ፤ ለማኪንቶሽ ብቻ የተሠራ ሲሆን በመጀመሪያው እትሙ ፎቶግራፎቹን ሁሉ ወደ ራሱ ጎተራ ያስገባ ነበር። ፒክስማንቴክ የተባለው የዴንማርክ ድርጅት «ሮውሹተር»ን በነፃ እያደለ ብዙ ወዳጆች ቢያፈራም አዶቤ በ2006 ገዛውና ፕሮግራሙ በዚያው ቀረ። የአዶቤ የራሱ «ላይትሩም» በፌብሩዋሪ 2007 ለገበያ ቀረበ። ያኔ የነበረው ክርክር ስለ ፍጥነትና ስለ ቀለም ማማር ነበር። ዲስኩ ከፕሮግራሙ በላይ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ያሰበ ጥቂት ነው።

አፕል በ2014 የአፐርቸርን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ከ2019 በኋላ በወጡት የማኪንቶሽ ሥርዓቶችም ፕሮግራሙ አይሠራም። ቁልፍ ቃላቱንና መግለጫውን ወደ ላይትሩም ማሻገር ተችሏል፤ ለዓመታት በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ የተደረገው የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ግን ሊሻገር አልቻለም። ላይትሩምን የመረጡትም ቢሆኑ በ2017 ሌላ ነገር ገጠማቸው። አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው መያዝ ቀርቶ አዲሱ እትም በየወሩ የሚከፈልበት ኪራይ ሆነ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። የ1990ዎቹ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች ፊደሉን በላቲን ምልክቶች ቦታ ላይ ይተክሉት ነበር፤ የፎቶግራፍ መግለጫ የሚጻፍበት ሳጥን ደግሞ ፊደል መምረጫ የለውም። ስለዚህ «የእማማ ልደት» ተብሎ የተጻፈው የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው መግለጫውን በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ወይም ጨርሶ መተው የለመደው በዚህ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቢካተትም፣ ዊንዶውስ የራሱን የግእዝ ፊደል ይዞ የወጣው በ2007፣ በቪስታ ነው። መግለጫውም ከተጻፈ በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ላይትሩም ተጠቃሚው ካላዘዘው በቀር ሁሉን በራሱ መዝገብ ይይዛል፤ ከፋይሉ ጎን በሚቀመጥ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል እንዲያሰፍር ከታዘዘ ግን ሌላ ፕሮግራምም ሊያነበው ይችላል። ይህች ትእዛዝ አንዲት ምልክት ከማድረግ አታልፍም።

ላይትሩምና ቪስታ በወጡበት በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ተከበረ። የዚያን ዕለት የተነሡትን ፎቶግራፎች ካሜራው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ብሎ መዝግቧቸዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር «መስከረም 1 ቀን 2000» ብሎ የሚፈልጋቸው ልጅ የሚያገኛቸው፣ ያ ቀን በሰው እጅ በአማርኛ ከተጻፈባቸው ነው።