የትርዒት መኪና ነጂና የሥራ ላይ ጉዳት

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ ለፊልም የሚሆን የመኪና ማሳደድ ለመቅረጽ የሚነሣ አዘጋጅ፣ ካሜራውን ከመትከሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል። ይኸውም መኪናው ቢገለበጥና ነጂው ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው የሚለው ነው። የሙያው ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ጥንቃቄው በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን የመጣው ዘግይቶና ብዙ አጥንት ከተሰበረ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ለታየው «ማክኪው» ለተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ዝግጅት፣ ሃል ኒድሃም የተባለው ዕውቅ ባለሙያ ከመኪናው ሥር በተገጠመ የባሩድ መድፍ መኪናን የመገልበጥ ዘዴ ሞከረ። ባሩዱ ከመጠን በላይ ስለ ነበረ መኪናው ወደ ላይ ተወርውሮ ወደቀ፤ የኒድሃምም የጀርባ አጥንት ተሰበረ። በዚያው ዓመት በታየው «ባለወርቃማው ሽጉጥ ሰው» በተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ግን ሥራው በሌላ መንገድ ተከናወነ። መኪናው በአየር ላይ ተሽከርክሮ ውሃውን የሚሻገርበት ዝላይ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ተሰላ፤ ክብደቱ እንዲመጣጠን መሪውና የነጂው መቀመጫ ወደ መካከል ተዛወሩ፤ ዝላዩም በአንድ ቀረጻ ያለ ጉዳት ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የሁሉም ልማድ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒድሃም ራሱ በዳይሬክተርነት ይመራው በነበረው «ካኖንቦል ራን» ፊልም ቀረጻ ላይ፣ የ24 ዓመቷ የትርዒት ባለሙያ ሃይዲ ፎን ቤልትዝ የተሳፈረችበት መኪና ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። መኪናው የመቀመጫ ቀበቶ አልነበረውም። ወጣቷ አንገቷ ተሰብሮ ሰውነቷ ሽባ ሆነ። በአሜሪካ የትርዒት መኪኖች ቀበቶ ግዴታ እንዲሆን ያስገደደው ይኸው አደጋ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በአዋጁ አይሸፈንም። ለአንድ ቀን ትርዒት የሚዋዋል ነጂ እንደዚህ ያለ ሰው ተደርጎ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የካሳውና የሕክምናው ነገር በውሉ ውስጥ በግልጽ መስፈር አለበት።

በዚህም መሠረት በቀለበት መንገዱ ለሚደረግ ቀረጻ ምክር የሚጠየቅ መሐንዲስ፣ የፍጥነቱንና የክብደቱን ስሌት፣ የቀበቶውን ፍተሻና የነጂውን ውል በጽሑፍ ሳያይ መኪናው ይንቀሳቀስ ዘንድ መፍቀድ አይገባውም። ኒድሃም የራሱ አጥንት ተሰብሮ እንኳ በሌላው መኪና ቀበቶ መኖሩ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ የነጂውን ደኅንነት ለባለሙያ ድፍረትና ልምድ ብቻ መተው አይበቃም።