ስለ ደም መርጋትና ስለ ሕዋስ ገለፈት

ከ1920 ዓመት ወዲህ (ዘመኑ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ከብቱ በደም መፍሰስ ያልቅ ጀመር። ቀንዱ የተቈረጠ ጥጃ፥ የተኰላሸ ወይፈን፥ ከዚያች ትንሽ ቍስል የሚወጣው ደም አልቆም ብሎት ይሞት ነበር፤ ሌላውም በላዩ አንዳች ቍስል ሳይታይበት በውስጡ ደም ፈሶበት ይወድቃል። ፍራንክ ስኮፊልድ የሚባል የካናዳ የከብት ሐኪም ነገሩን መርምሮ፥ ምክንያቱ ተላላፊ በሽታ ሳይኾን ስዊት ክሎቨር የሚሉት የመኖ ሣር ሻግቶ መበላቱ እንደ ኾነ አስረዳ። ነገር ግን የሻገተውን ድርቆሽ ጥሎ ሌላ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ገበሬ ምክሩን ቢሰማም መንገድ አልነበረውም።

በ1933 በየካቲት ወር በብርቱ የበረዶ ውሽንፍር ቀን ከነዚህ ድኾች ገበሬዎች አንዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ይዞት የመጣው የሞተች ጊደር፥ የሻገተ ድርቆሽና በወተት ዕቃ የተሞላ የማይረጋ ደም ነበረ። የተቀበለው መምህር ካርል ፖል ሊንክ ድርቆሹን ማብላቱን ይተው ዘንድ ከመምከር በቀር ለዚያ ቀን የሚረዳበት ነገር አላገኘም፤ ገበሬውም እንደ መጣ ተመለሰ። ሊንክ ግን ደሙን አልረሳውም። ከረዳቶቹ ጋራ 6 ዓመት ደክሞ በ1939 ከሻገተው ሣር መርዙን ለይቶ አወጣ፤ ዳይኩማሮል ይባላል። ከዚሁ ወገን የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ኾኖ ወጣ፤ ጥቂት ዓመት ቈይቶም ደማቸው ያለ ቦታው ለሚረጋባቸው ሰዎች መድኃኒት ኾነ።

በዚያው ዘመን በኮፐንሃገን ሄንሪክ ዳም ስብ የሌለበት መኖ ያበላቸው ጫጩቶች እንዲሁ ሲደሙ አየ። ለጫጩቶቹ የጐደለቻቸውን ነገር በ1935 ቪታሚን ኬ ብሎ ሰየማት፤ ፊደሏን የወሰደው መርጋት ከሚለው ቃል ነው። በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ በብዛት ትገኛለች። ስለዚህም ሥራ ዳምና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይሲ የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እንግዲህ መርዙም ቪታሚኑም የሚነኩት በጉበት የሚሠራውን ፕሮትሮምቢን የሚባለውን የደም ፕሮቲን እንደ ኾነ ታወቀ። ሊቃውንቱም ቪታሚኑ ቢጐድል ጉበት ፕሮትሮምቢንን መሥራት ያቆማል ብለው ገመቱ። ግምቱ ለአእምሮ የቀረበ ነበር፤ እውነት ግን አልነበረም። በ1968 የስዊድን ሐኪሞች ዳይኩማሮል በሚወስዱ በሽተኞች ደም ውስጥ በመልኩ ፕሮትሮምቢን የኾነ፥ ካልሲየም መያዝ ግን የማይችል ፕሮቲን አገኙ። ቍጥሩ ሞልቶ ቤት መምቻው እንደ ጠፋበት ቅኔ ያለ ነበር።

የጐደለው ምን እንደ ኾነ በ1974 ተገለጠ። የስዊድኑ ዮሃን ስቴንፍሎ ዳይኩማሮል ከተሰጣቸው ላሞች ደም ፕሮቲኑን አውጥቶ ከደኅነኛው ጋራ አስተያየው፤ በዴንማርክና በአሜሪካም ሌሎች በየፊናቸው ወደዚያው ደረሱ። በፕሮትሮምቢን ሰንሰለት መጀመሪያ ላይ ግሉታሚክ አሲድ የሚባሉ 10 ቀለበቶች አሉ። ጉበት በቪታሚን ኬ ረዳትነት ለያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ የአሲድ ጫፍ ይተክልላቸዋል፤ ካልሲየምን የሚጨብጡት በዚህ ነው። ይህ የራሱ ቅርጽና የራሱ ሥራ ያለው የፕሮቲኑ ክፍል ግላ ዶሜይን ይባላል።

ካልሲየሙን መጨበጡ ግን ለምን ይጠቅማል? መልሱ በሕዋስ ገለፈት ነው። ሕዋስን ኹሉ የሚከብበው ይህ ስስ ሽፋን የስብ ድርብ እንደ ኾነ በ1925 የሆላንድ ሊቃውንት ጎርተርና ግሬንደል አስረድተዋል፤ የቀይ ደም ሕዋሳትን ስብ በውሃ ላይ ቢዘረጉት ሕዋሳቱን ኹለት ጊዜ የሚያለብስ ኾኖ አገኙት። (በልካቸው ኹለት ስሕተት ነበረበት፤ አንዱ ሌላውን ስላጠፋው ግን ፍርዳቸው ትክክል ወጣ።) ድርቡም ከውስጥና ከውጭ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ፎስፋቲዲልሴሪን የሚባለው ስብ በውስጠኛው ገጽ ተሰውሮ ይኖራል። የደም ሥር በተቈረጠ ጊዜ ፕላትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት ወደ ቍስሉ ተሰብስበው ይህን ስብ ወደ ውጭ ይገለብጡታል። ያን ጊዜ ካልሲየም በመካከል ገብቶ ግላ ዶሜይንን ከተገለጠው ስብ ጋራ ያያይዘዋል፤ የዶሜይኑም ጫፍ ወደ ስቡ ጠልቆ እንደ ችካል ይተከላል። በደም ውስጥ ተበታትነው ይዞሩ የነበሩት የመርጋት ፕሮቲኖች በአንድ ወለል ላይ ሲገናኙ ሥራቸው በብዙ መቶ ሺሕ ጊዜ ይፈጥናል። ደምም በሰውነቱ ኹሉ ሳይኾን በቍስሉ ቦታ የሚረጋው ስለዚህ ነው።

ወለሉ ባይገለጥ ምን እንደሚኾን በ1979 ታሪኳ በተጻፈ አንዲት ሴት ታይቷል፤ ፕሮቲኖቿ ኹሉ ሙሉ ሳሉ ፕላትሌቶቿ ስቡን መገልበጥ ስላልቻሉ ደሟ ይፈስ ነበር።

ዋርፋሪን የሚወስድ በሽተኛ መድኃኒቱ የቪታሚን ኬን ሥራ በልክ እየቀነሰ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በጾም ወራት ጎመን አብዝቶ፥ በፋሲካ የሚተወው ሰው የደሙ ልክ ሊናወጥበት ይችላልና አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ጎመኑን ፈርቶ ፈጽሞ መተውም አይገባውም፤ ልኩ ሳይለዋወጥ መብላቱ ይበቃዋል።

ከኹሉ የሚያሳዝነው የሕፃናቱ ነገር ነው። የቦስተኑ ሐኪም ቻርልስ ታውንሰንድ በ1894 በተወለዱ በጥቂት ቀን የሚደሙ 50 ሕፃናትን ታሪክ ጽፏል፤ ምክንያቱን ግን በዚያ ዘመን ሊያውቅ የሚችል አልነበረም። ቪታሚን ኬ ከእናቲቱ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ በጡት ወተትም አይበዛም፤ ስለዚህ የሕፃኑ ጉበት የሚያወጣው ፕሮትሮምቢን ችካሉ ያልተሳለ ነው። በ1961 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለተወለደ ሕፃን ኹሉ ቪታሚኑ ይሰጥ ዘንድ መከረ፤ በብዙ አገርም ልማድ ኾነ። ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ በጭኑ የሚወጋው ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ጉበቱም ከዚያው ቀን ጀምሮ እነዚያን 10 ቀለበቶች ይፈጽማቸዋል።