ከማዕድን ፍለጋ የተገኘ ጽዳት

የተበከለ አፈርና ውሃን በዕፅዋት የማጽዳት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከቼርኖቤል ይጀመራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፈነዳው የኑክሌር ማመንጫ አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ የሱፍ አበባ በተንሳፋፊ መደብ ተተክሎ፣ ሥሩ ሲዚየምና ስትሮንሺየም ከውሃው እንዲመጥ ተደረገ። ለትረካ የሚመች ትዕይንት ነው። መዛግብቱ ግን ወደ ማዕድን ፈላጊዎች ይመሩናል።

ጣሊያናዊው ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ አንድሬያ ቼዛልፒኖ በ1583 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በላይኛው የቲቤር ሸለቆ በጥቋቁር ድንጋዮች ላይ ስለሚበቅል አንድ ተክል ጽፏል። ስለ ኒኬል አላነሳም፤ ከየት አምጥቶ ያነሳል? ኒኬል ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑ የታወቀው በ1751 ነው። ይህንኑ የጎመን ዘመድ በ1948 ካርሎ ሚንጉዚና ኦርኔላ ቬርኛኖ መረመሩት። በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ከ7 ግራም በላይ ኒኬል አገኙ። ሌላ ተክል ቢሆን ጥቂት ሚሊግራም ቢገኝበት ነው።

ግኝቱን ወደ ሥራ ያስገቡት የከርሰ ምድር ኬሚስቶች ናቸው። በኒውዚላንድ የማሲ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ብሩክስና ባልደረቦቹ፣ በየሙዚየሙ ደርቀው ከተቀመጡ ናሙናዎች ጥፍር የምታህል የቅጠል ቁራጭ እየወሰዱ ኒኬሏን ይለኩ ነበር። የፈለጉት ተክሉ የተለቀመበት አገር ከመሬቱ በታች ኒኬል እንዳለው ማወቅ ነው። ከኒው ካሌዶኒያ የተመዘገበው አንድ ዛፍ በተለይ ያስገርማል፤ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ሰማያዊ አረንጓዴ ወተት ይወጣዋል፣ ወተቱ ሲደርቅ ሩብ ያህሉ ኒኬል ነው። ይህ በ1976 ታተመ። በማግስቱ ዓመት እነብሩክስ ለእንዲህ ያሉ ተክሎች መለያ አወጡ፦ በኪሎ ደረቅ ቅጠል ከ1 ግራም በላይ ኒኬል።

በ1983 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ሩፉስ ቼኒ ነገሩን ገለበጠው። ተክሉ ብረቱን ይህን ያህል ከሳበ፣ በተበከለ መሬት ላይ ዘርቶ፣ አጭዶና አቃጥሎ አመዱን እንደ ማዕድን መሸጥ ይቻላል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ለእኔ የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ነው፤ ከቼርኖቤሉ ኩሬ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀድማል።

ሐሳቡ በሜዳ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ እንግሊዝ ውስጥ ዎበርን ነው። መሬቱን በዚንክ የበከለው ማዳበሪያ ይሆናል ተብሎ ከ1942 እስከ 1961 የተበተነበት የፍሳሽ ቆሻሻ ዝቃጭ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስቲቭ ማክግራዝና አለን ቤከር በዚያ ላይ ትላስፒ የተባለውን ሌላ የጎመን ዘመድ ዘሩበት። ዚንኩን እንደተጠበቀው ሳበ። ይሁን እንጂ ትላስፒ ከመሬት ብዙም ቀና የማይል፣ አዝጋሚ ተክል ነው። የአንድ ወቅት ምርቱ ጥቂት ስለሆነ፣ ዝቃጩ በሃያ ዓመት ያከማቸውን ለማውጣት ደግሞ ደጋግሞ መዝራትና ማጨድ ግድ ነበር።