ዐለት አልፎ የሚሄደውን ፍለጋ

በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደን የሚኖር ማር ቆራጭ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ ንብ እስኪገባለት ይጠብቃል። ንቡ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል፤ ቀፎው የሚሰቀለው ግን የንቡ መንገድ ታስቦ ነው እንጂ እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። የፊዚክስ ሊቃውንትም ይህን የሚመስል ሥራ ይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930 ቮልፍጋንግ ፓውሊ የተባለው ሊቅ፣ ከአንዳንድ አቶሞች ኤሌክትሮን በሚወጣበት ጊዜ ጎድሎ የሚገኘውን ኃይል ማንም ያላየው አንድ ረቂቅ ቅንጣት ይዞት ይሄዳል ሲል አሰበ። ኒውትሪኖ የተባለው ይህ ቅንጣት ምድርን እንኳ ሳይነካ ሰንጥቆ ለማለፍ የሚችል ስለ ሆነ፣ ሬይንስና ካዋን በአሜሪካ ከአንድ የኑክሌር ማብለያ አጠገብ በ1956 እስኪያገኙት ድረስ 26 ዓመት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ታስበዋል። በ1978 ፍራንክ ዊልቼክ ስለ አንድ ቀላል ቅንጣት ሲጽፍ አክሲዮን ብሎ ሰየመው። ስሙን የወሰደው ከልብስ ሳሙና ነው፤ ሊቃውንትም ቀልድ አይጠሉም። ቅንጣቱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ከመሬት በታች ያለው፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው የሴርን የቅንጣቶች ማጋጫ በ2012 የሂግስን ቅንጣት አስገኝቷል። ታላላቆቹ መመርመሪያዎች የቆሙት ግጭቱ የሚደርስበትን ሥፍራ ከበው ነው። ነገር ግን ቀላል፣ ዕድሜው ረዘም ያለና ከሌላው ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ከጨረሩ ጋር ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ሳይታይ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ በ2017 ጆናታን ፌንግና ባልንጀሮቹ፣ ከግጭቱ ሥፍራ ርቆ በጨረሩ አቅጣጫ አንድ ትንሽ መሣሪያ እንዲተከል አሳብ አቀረቡ። ፌዘር የተባለው ይህ መሣሪያ ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፊሉም የተሠራው ከታላላቆቹ በተረፈ መለዋወጫ ነው። በመካከል ያለው 100 ሜትር ያህል ዐለትና ሲሚንቶ ሌላውን ቅንጣት አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ የሚፈለገው ግን ዐለቱን አልፎ በመሣሪያው ውስጥ ይፈርሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ሥራው በ2022 ተጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ውጤት፣ ከማይታየው የዓለም ቁስ ጋር ያገናኘን ይሆናል የተባለው ጨለማ ፎቶን አንድም እንዳልታየ ገለጸ። ይህን በነገርሁት ጊዜ አንድ የቦንጋ ተማሪ፣ «ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ስለ ምን ወጣ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ሥራው ከንቱ ቀረ አልልም፤ ይህን ያህል ክብደትና ይህን ያህል የመነካካት ኃይል ያለው ጨለማ ፎቶን አለመኖሩ ስለ ታወቀ፣ ከእንግዲህ የሚፈልግ ሰው በዚያ ቦታ ቀፎ አይሰቅልም።

ቀፎውም ጨርሶ ባዶ አልነበረም። በዚያው በ2023 ፌዘር 153 የኒውትሪኖ ምልክቶችን መዝግቦ አስታወቀ። ከቅንጣት ማጋጫ የወጣ ኒውትሪኖ በቀጥታ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።