የፓይክስ ፒክ ሩጫና የመዝገቡ ነገር

ስለ ሴቶች ማራቶን ሲወራ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ትልቅ ከተማ፣ ሰፊ አስፋልትና የቴሌቪዥን ካሜራ ነው። ውድ እህቶች፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሳላችሁ ግን ካሜራ ያልነበረበት፣ ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት የሆኑበት፣ መንገዱም ከዳር እስከ ዳር ዳገትና ቁልቁለት የሆነ ሩጫ ነው። ለሴቶች የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ የዚህን ያህል ትልቅ ነገር የተሠራበት ትንሽ ውድድር ሌላ አላውቅም።

ፓይክስ ፒክ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው 4,302 ሜትር ነው፤ ከእኛ ራስ ዳሽን ጥቂት ያንሳል። ሩጫው የሚነሳው ማኒቱ ስፕሪንግስ ከምትባል ከተራራው ሥር ካለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ የመነሻው ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ሯጩ ከዚያ ተነስቶ 21 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መንገድ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፉን ይረግጥና በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከታች እስከ ላይ ያለው አቀበት ወደ 2,400 ሜትር ነው። ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ደራርቦ እንደ መውጣት ነው፤ ምናልባትም ይበልጣል። ካጋመሱት በኋላ ዛፍ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል፤ ቀሪው ድንጋይ ብቻ ነው። አየሩ ይሳሳል፤ በበጋቸው ወራት እንኳ ከሰዓት በኋላ በረዶና መብረቅ የተለመደ ነው። ደግሞ ሰው ዳገቱን ብቻ ይፈራል እንጂ ጉልበትና ጭን የሚያልቀው በቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት እየያዘ ስለሚለጠጥ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል፤ ሕመሙ የሚብሰውም በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ሸክም ይዛ ተራራ የወረደች ሴት ይህን ያለ ሐኪም ታውቀዋለች።

የውድድሩ አነሳስ ራሱ ያስቃል። በ1956 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛው ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ) አርነ ሱኦሚነን የሚባል ትውልደ ፊንላንዳዊ ሐኪም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ሰው ጋር በጽናት ሊተካከል አይችልም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩንም በተራራው ላይ እንፍታው አለ። ከሃያ ያነሱ ሰዎች ተሰለፉ፤ ሦስቱ አጫሾች ነበሩ። ከሦስቱ አንዱም ወጥቶ ለመመለስ አልበቃም። ክርክሩ በዚህ ተፈታ፤ ሩጫው ግን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ በመነሻው መስመር ላይ ከቆሙት መካከል አርሊን ፓይፐር የምትባል የ29 ዓመት ሴት ነበረች። በአቅራቢያዋ በምትገኘው በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ የሴቶች የአካል ብቃት ማዘውተሪያ ቤት ነበራት። ወደ ተራራው የወሰዳት የሴቶች መብት ትግል አልነበረም፤ ገበያ ነው። የማዘውተሪያዋ ባለቤት ራሷ ተራራውን ወጥታ ከወረደች ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? እኔ ይህን ምክንያት በጣም እወደዋለሁ። ጀግንነትን ሁልጊዜ ከትልቅ ዓላማ ጋር ብቻ ማያያዝ ልማድ ሆኖብናል፤ የራሷን ሱቅ የምታስተዳድር ሴት ደንበኛ ፍለጋ የወጣችው ዳገት ታሪክ ሠርቶ ተገኘ።

የሩጫ ጫማ የሚባል ነገር ለሴት አይሸጥም ነበር። አርሊን የሮጠችው ከርካሽ ሱቅ በተገዛ ሸራ ጫማ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጇ አብራት ተነሳች፤ እናትና ልጅ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ወጡ። ከዚያ እናቲቱ ቁልቁል ወርዳ ውድድሩን በ9 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ጨረሰች። ፈጣን አይደለም። ግን ጨረሰች፤ የጨረሰችውም ተመዝግባ ነው። አዘጋጆቹ ስሟን ተቀበሉ፣ ሰዓቷን ጻፉ፣ ከሌሎቹ ስሞች ጋር አስቀመጡት። በአሜሪካ ምድር ማራቶንን በይፋ ተመዝግባ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እሷ ግን ይህን አላወቀችም። ማንም አልነገራትም፤ የሚያውቅም አልነበረም። ልጆቿን አሳደገች፣ ኖረች፣ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደች። የውድድሩ ሰዎች በ2009፣ ልክ በሃምሳኛው ዓመት፣ የድሮውን መዝገብ ይዘው ፈልገው አገኟት። ዕድሜዋ ሰማንያ ሊሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ በክብር እንግድነት ወደ ተራራው ትመለስ ጀመር። በ2021 በ90 ዓመቷ አረፈች። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ያ የዘጠኝ ሰዓት ድካም የቤተሰብ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

መዝገብ ያልተገኘለት ሰው ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ግሪክ መሄድ ይበቃል። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በ1896 አቴንስ ላይ ሲካሄድ ስታማታ ሬቪቲ የምትባል የ30 ዓመት ድሃ እናት ከማራቶን መንደር እስከ አቴንስ ልሩጥ ብላ መጣች። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበራት፤ ሌላ ልጇ ሞቶባታል፤ ብትሮጥ ዕድል ይከፈትልኛል ብላ ተስፋ አድርጋለች። ወንዶቹ በሮጡበት ዕለት እንድትሮጥ አልተፈቀደላትም። በማግስቱ ብቻዋን ተነሳች። ከመነሳቷ በፊት ግን የመንደሩን ሹማምንት ለምና የተነሳችበትን ሰዓት በወረቀት አስፈረመች። ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ አቴንስ ስትደርስ ያገኘቻቸውን መኮንኖች እንዲሁ የደረሰችበትን ሰዓት አስፈረመቻቸው። ያቺ ምስኪን ሴት ማስረጃ እንደሚያስፈልጋት ገብቷታል! ወረቀቱ ግን ተገኝቶ አያውቅም። በዚያ ኦሊምፒክ ያሸነፈው የስፒሪዶን ሉዊስ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ የእሷን ስም የሚያውቅ ስንት ሰው ነው?

በሁለቱ ሴቶች መካከል ስልሳ ሦስት ዓመት አለፈ። በመሃሉ የሴት ሩጫ እንዲያውም ወደ ኋላ ሄደ። በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ፤ ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ አሸነፈች። ጋዜጦች ግን አሸናፊዋን ትተው ሴቶቹ በየቦታው ወደቁ፣ ተዝለፈለፉ ብለው አጋነው ጻፉ። ውጤቱ እስከ 1960 የሮም ኦሊምፒክ ድረስ ሴት ከ200 ሜትር በላይ እንዳትሮጥ መደረጉ ነው። ሮም ለእኛ አበበ ቢቂላ ናት፤ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዓለምን ያስደነቀባት። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሳምንት ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ እንደገና የተመለሰው 800 ሜትር ነበር። አርሊን ፓይፐር ፓይክስ ፒክን ወጥታ ከወረደች አንድ ዓመት አልፏል።

ምክንያታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሴት አካል ርቀትና ዳገት አይችልም፣ ማሕፀኗ ይጎዳል የሚል። ይህን የሚሉት የተማሩ ሰዎች ናቸው። በእንጦጦ ጫካ ከ30 ኪሎ በላይ ማገዶና ቅጠል አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ያንን ቁልቁለት በየቀኑ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ግን ማንም ሐኪም መንገድ ላይ አቁሞ “አካልሽ አይችልምና አውርጂው” አላላቸውም። ጥያቄው የአካል ሆኖ አያውቅም። ሴት ያለ ሸክም፣ ለራሷ ብላ ስትሮጥ ነው ጭንቀቱ የሚመጣው።

ትልልቆቹ ውድድሮች በራቸውን የከፈቱት ተራራው ላይ ከታየው ብዙ ዓመት ዘግይተው ነው። ቦስተን የዓለም ጥንታዊው ዓመታዊ ማራቶን ነው፤ ከ1897 ጀምሮ ይሮጣል። መንገዱም የታወቀ ዳገት አለው፤ ሯጩ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጉልበቱ ሲያልቅ የኒውተን ኮረብታዎች ይጠብቁታል። በ1966 ቦቢ ጊብ የተባለች ወጣት ለመመዝገብ ስትጽፍ ሴቶች ይህን ርቀት በተፈጥሮ አይችሉም የሚል ደብዳቤ መለሱላት። የወንድሟን ቁምጣ ለብሳ ከመነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቀች፤ ሯጮቹ ሲነሱ ተቀላቀለች። በ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረሰች፤ ከብዙ ወንዶች ቀድማ። ቁጥር ስላልነበራት ግን እንዳልሮጠች ተቆጠረ። በማግስቱ ዓመት ካትሪን ስዊትዘር የስሟን የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ጽፋ ተመዝግባ 261 ቁጥር አገኘች። አንድ የውድድሩ ኃላፊ መንገድ ላይ ሩጦ ደርሶ ቁጥሩን ከደረቷ ሊቀድ ሲታገል የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ልብ በሉ፤ ሊነጥቃት የፈለገው ቁጥሩን ነው። እግሯን ሊያስቆም አልቻለም፤ ከመዝገቡ ግን ሊያወጣት ይችላል። ደግሞም ውጤቷ ተሰረዘ። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው። የቦቢ ጊብን ሩጫ ደግሞ በይፋ ያወቀላት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1996።

የኒውዮርክ ማራቶንም ሲጀመር ትንሽና ወጣ ገባ ነበር። በ1970 ሲመሠረት በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ብቻ የሚዞር ሲሆን 127 ሰዎች ተመዝግበው የጨረሱት 55 ናቸው። በ1972 የአሜሪካ አትሌቲክስ ማኅበር ሴቶች ይሩጡ፣ ግን ከወንዶቹ አሥር ደቂቃ ቀድመው ለብቻቸው ይነሱ የሚል ትእዛዝ አወጣ። የተሰለፉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። የእነሱ መነሻ ሲተኮስ መነሻው መስመር ላይ ቁጭ አሉ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ፤ የወንዶቹ ሲተኮስ ተነስተው አብረው ሮጡ። ለቅጣት አሥሩ ደቂቃ በሰዓታቸው ላይ ተደመረ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሳቅ ያመልጠኛል፤ የሩጫ ታሪክ ውስጥ በመቀመጥ የተገኘ ድል ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ትእዛዙ ብዙም ሳይቆይ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1984 በሎስ አንጀለስ የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ገባ፤ ጆአን ቤኖይት አሸነፈች። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ተሰለፈች። የአትላንታ መንገድ ዳገት የበዛበትና ወበቁ የሚያስጨንቅ ነበር። ፋጡማ ያደገችው ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ከመሃል ተነጥላ ወጣች፤ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ገባች፤ ሁለተኛዋ ሩስያዊት ቫለንቲና የጎሮቫ የደረሰችው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። ከዚያ ወደ እነዚያ የኒውተን ኮረብታዎች ሄደች፤ ቦስተንን በ1997፣ በ1998 እና በ1999 ተከታትላ አሸነፈች። ቦቢ ጊብ ከቁጥቋጦ ወጥታ የገባችበት መንገድ ላይ ፋጡማ በስሟ ተጠርታ ነው የሮጠችው።

ስለ መዝገብ ይህን ያህል ማብዛቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈር ዕድር መዝገብ ላይ የባል ስም ብቻ ይጻፍ የነበረበትን ዘመን የምናስታውስ እናቶች በመካከላችን አለን። ንፍሮውን የቀቀለችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ድንኳን ሥር ያደረችው ሴት በደብተሩ ላይ የለችም። የእኛ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ የገዛው ዕቃ ጀርባው የጠነከረ ደብተር መሆኑን፣ መፈረም የማይችሉ አባሎቻችንም በጣት አሻራ ስማቸውን ማስፈራቸውን አዲስ አባላት ላያውቁ ይችላሉ።

በዓመታዊው የእንጦጦ ጉዟችን እስካሁን ስንወጣና ስንወርድ ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ጸሐፊያችን ደብተሩን ይዛ ከታች እንድትቀመጥ፣ የሄደችውንም የሮጠችውንም፣ ከልጇ ጋር የወጣችውንም፣ ሁሉንም ስምና ሰዓት እንድትጽፍ ለሥራ አመራሩ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ሸራ ጫማ ይፈቀዳል።